የብሮክሆልተ ብቸኛ ቀይ ድምፅ

በሄርስቤክ የምርጫ ክልል ታሪክ የሚያስደንቅ ነገር ቢኖር፣ አንድም የሚያስደንቅ ነገር አለመፈጠሩ ነው። ክልሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሪፐብሊኩ ጋር ተወለደ። ከዚያ ወዲህ መለያ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ አንድ ጊዜ ከረግረጉ ማዶ ያለው የሸማኔዎች ከተማ ተጨምሮለታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዋና ከተማ የተቀመጡ ሰዎች ካርታ ላይ እርሳሳቸውን ሲያንሸራትቱ ሦስት መንደሮች ተቆርጠው ሄደውበታል። ወደ ፓርላማ የላካቸው ሰዎች ግን ሁሉም ክርስቲያን ዴሞክራቶች ነበሩ፤ በአገሬው አጠራር ጥቁሮቹ። የመጀመሪያው የከብት ሐኪም ነበር፤ ሁለተኛው የከብት ሐኪሙ የእህት ልጅ፤ ሦስተኛው ከብት የሚፈራ ጠበቃ። ጥቁሮቹ መጥረጊያ ቀለም ቀብተው ቢያቀርቡ መጥረጊያው ፓርላማ ይገባል እያሉ የሚቀልዱት ራሳቸው ጥቁሮቹ ነበሩ። ጠበቃውም ቀልዱን ሰምቶ ከልቡ ይስቅ ነበር፤ መጥረጊያ የመሆንን ምቾት የሚያውቅ ሰው ነውና።

በዚህ ክልል ውስጥ ደግሞ ከጥቁሩም የጠቆረችው ብሮክሆልተ ነበረች። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ፣ ከሰው የሚበዙ ላሞች። ሆኖም በየምርጫው የብሮክሆልተ ቆጠራ ሲነበብ፣ ከረጅሙ የጥቁሮቹ ቁጥር በታች፣ በሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ ማለትም በቀዮቹ ፊት ለፊት፣ አንዲት ብቸኛ ድምፅ ትገኝ ነበር። አትበዛም፣ አትጠፋም። አገሩ ሁሉ ወደ ቀዮቹ ባዘነበለ ጊዜም አንድ፤ ቀዮቹ በተንኮታኮቱ ጊዜም አንድ።

የዚህች ድምፅ ባለቤት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የማቋረጫው ዘበኛ ኤቫልድ ኮቮሊክ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ተሳስቶ ነበር። መሳሳቱን የምታውቀው ጌዚና ፎስኩል ብቻ ነበረች፤ ድምፁ የእርሷ ነበርና።

ጌዚና ተወልዳ ያደገችው እዚያው ብሮክሆልተ ነው። አባቷ ከሩሲያ ምርኮ የተመለሱ፣ ስለዚያ አገር ግን አንዲት ቃል ያልተነፈሱ ገበሬ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏት ሳለ አንድ የታኅሣሥ ማታ ቴሌቪዥኑ የአገሪቱን ቻንስለር በዋርሶ አሳየ፤ ሰውየው በጦርነቱ በአገሩ ወታደሮች ለተገደሉት አይሁድ በቆመው ሐውልት ፊት፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው ተንበረከከ። ቻንስለሩ ቀይ ነበር። አባቷ እስከ አጥንታቸው ድረስ ጥቁር ነበሩ። ከወንበራቸው ተነሡ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ወደ ላሞቹ ወጡ። በቀጣዩ ምርጫ አባቷ እንደ ወትሮው ጥቁሮቹን መረጡ፤ አንድን ቆብ ለማውለቅ የሚያስፈልገው ድፍረት አንድን እጅ ሌላ ቦታ ላይ ምልክት ለማስደረግ አልበቃም። ጌዚና ግን ያን ቆብ አልረሳችውም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለቱ ምርጫ የመጀመሪያ ድምፅዋን ስትሰጥ ካገባች ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። ባሏ ሄሪበርት ፎስኩል የጥቁሮቹ የወጣቶች ክንፍ ጸሐፊ ነበር፤ ከጊዜ በኋላም የመንደሩ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ሆኖ እስከ እርጅናው ቆይቷል። የምርጫ ወረቀቱ ሁለት ምልክት ይቀበላል፤ በግራ በኩል ለሰው፣ በቀኝ በኩል ለፓርቲ። ጌዚና ከመጋረጃው ጀርባ ጥቂት አሰበችና ግራውን ለባሏ ወዳጅ ለከብት ሐኪሙ ሰጠች፤ ቀኙን ለተንበረከከው ሰው። ከዚያ በኋላ ባሉት ምርጫዎች ሁሉ እንዲሁ አደረገች። ግራው ለትዳሯ ነበር፤ ቀኙ ለራሷ። ብዙ ትዳር ከዚህ በባሰ ክፍፍል ሲኖር እናያለን።

በዚያ ምሽት በአሮጌው ትምህርት ቤት ቆጠራው አልቆ አንድ ቀይ መገኘቱ ሲነበብ፣ በግድግዳው ሥር የቆመው መንደርተኛ በሙሉ ዞሮ ያየው ኤቫልድን ነበር። ኤቫልድ የመጣው ከሩር ነው፤ ከድንጋይ ከሰል አገር። የሠራተኛ ማኅበር አባል ነው፤ የብሮክሆልተን ዘዬ ሲናገር ቃላቱ ከአፉ የሚወጡት ኮታቸውን ገልብጠው እንደለበሱ ሰዎች ነው። ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል?

«ኤቫልድ፣ አንተ ሌባ!» አሉ ሽማግሌው ዲርክስ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት።

ኤቫልድ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «የምርጫ ምስጢር ነው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥፋተኛ ካልሆነ ማን ምስጢር ነው ይላል?

ከቆጠራ በኋላ መንገዱን ተሻግሮ ዲርክስ ቤት የአተር ሾርባ በቋሊማ መብላት የመንደሩ ልማድ ነው። በዚያ ምሽት ሽማግሌው ዲርክስ ከጓዳ ሲወጡ ለሁሉም ሾርባ፣ ለኤቫልድ ግን አንድ ትልቅ ሳህን ቀይ ጥቅል ጎመን ይዘው መጡ። ጎመን ብቻ፤ ሥጋም የለው፣ ድንችም የለው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥርዓት ሆነ። በየምርጫው ማታ የጥቁሮቹ ሊቀ መንበር ራሱ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ይዞ ይገባል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ኤቫልድ ተነሥቶ እጅ ይነሣል፣ ናፕኪኑን አንገቱ ላይ ይሸጉጣል፣ እስከ መጨረሻው ቅጠል ይበላል። ሲጨርስም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ «ጨው ይጎድለዋል።» መንደሩ በዚህ ቃል ለመሳቅ አራት ዓመት ይጠብቅ ነበር።

ጌዚና ከሁለተኛው ምርጫ ጀምሮ ከምርጫ አስፈጻሚዎቹ አንዷ ሆና ወረቀት የምትዘረጋው እርሷ ነበረች። የገዛ ወረቀቷን በገዛ እጇ ትከፍታለች፣ «ቀይ፣ አንድ» ትላለች። ከዚያ ሾርባዋ ፊት ተቀምጣ አንድ ሰው የእርሷን ጎመን ሲበላ ታያለች። ይህን ሁለት ጊዜ ከቻለች በኋላ፣ አንድ ቀን ብስክሌቷን ይዛ ወደ ማቋረጫው ሄደች። ኤቫልድ በዘበኛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የጭነት ባቡር ሲያሳልፍ አገኘችው።

«አቶ ኮቮሊክ፣ እኔ አይደለሁም ለምን አይሏቸውም?»

ኤቫልድ ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቀ። መዘውሩን እያዞረ መንገዱን የሚዘጋውን እንጨት አነሣ።

«ወይዘሮ ፎስኩል፣ እኔ አይደለሁም ካልኩ ሌላ ሰው ነው ማለቴ ነው። ሌላ ሰው ከተባለ ይፈልጉታል። ይህ መንደር ፈልጎ ያጣው የዲርክስን ድመት ብቻ ነው፤ እርሷም ሞታ ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ይብሉት?»

«እኔ ከሩር ነኝ። ከእኔ የተሻለ ነገር የሚጠብቅ የለም።»

«ጎመኑን ይወዱታል?»

«አልወደውም» አለ ኤቫልድ። «ሆዴን ይነፋኛል።»

ጌዚና ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «እርስዎስ ማንን ነው የሚመርጡት?»

«እርሱማ» አለ ኤቫልድ፣ ቆቡን ቀና አድርጎ፣ «የምርጫ ምስጢር ነው።»

ድምፁ የእርሷ እንደሆነ አልነገረችውም፤ አልጠየቃትምም። ነገር ግን ከመንደሩ ሁሉ ይህን ሊጠይቀው የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲገናኙ ከሌላው ሰው ይልቅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ይሰጣት ነበር፤ እርስዎ መባባላቸውንም እስከ መጨረሻው አልተዉም።

ዓመታት አለፉ። ማቋረጫው በራሱ የሚዘጋ ሆነ፣ ኤቫልድ ጡረታ ወጣ፣ የሽማግሌው ዲርክስ መጠጥ ቤት ለልጃቸው ለክሌመንስ ተላለፈ። አረንጓዴዎቹ የሚባሉ መጡ፤ ለእነርሱም ከወተት ማኅበሩ ጥቂት ድምፅ ተገኘ፣ መንደሩም ሳይደነግጥ ተቀበለው። አንድ ጊዜ የከተማው ጋዜጣ «አንድ ቀይ ያላት መንደር» ብሎ የኤቫልድን ፎቶግራፍ ከነሳህኑ አወጣ። ሄሪበርት ጋዜጣውን ቆርጦ በመስታወት አስገብቶ ዲርክስ ቤት ሰቀለው። መንደሩ ሳያውቀው በኤቫልድ መኩራት ጀምሮ ነበር። ጎረቤት መንደሮች ንጹሕ ጥቁር ነበሩና ለጨዋታ የሚሆን ነገር አልነበራቸውም። ጌዚና በቤቷ ቀይ ጎመን ሠርታ አታውቅም፤ ሄሪበርት ሲጠይቃት እጅ ያቀልማል ትለው ነበር።

ከሁለት ሺህ አሥራ ሦስቱ ምርጫ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ ላይ፣ ኤቫልድ ሆስፒታል ተኛ። ጌዚና ልትጠይቀው ስትሄድ ፊቱ ትራሱ ውስጥ ጠፍቶ አገኘችው። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ሄሪበርት ጉልበት አወሩ። ለመሄድ ስትነሣ ጠራት።

«ወይዘሮ ፎስኩል፣ በመስከረም የሚበላው ሰው ያስፈልጋል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ የማቋረጫ ዘበኛ ነኝ» አለ። «እንጨቱን አነሣለሁ። ማን እንደሚያልፍ አልወስንም።»

በሦስተኛው ቀን ሞተ። በቀብሩ ላይ ሄሪበርት ንግግር አደረገ፤ «የእኛ ቀይ» አለው። ክሌመንስ ዲርክስ አበባው ላይ ቀይ ሪባን አስሮ ነበር። የኤቫልድ እህት ከሩር፣ ከጌልዘንኪርሸን ከተማ መጥተው ሪባኑን ግራ ተጋብተው ሲያዩት ጌዚና አየቻቸው። «ወንድሜ ፖለቲካ ይወድ ነበር እንዴ?» አሉ ሴትየዋ ለማንም ሳይሆን።

ነገሩ ቀላልና አስጨናቂ ነበር። ጌዚና እንደ ወትሮው ከመረጠች፣ የሞተ ሰው እንደማይመርጥ ብሮክሆልተም ታውቃለች። አንድ ቀይ ተገኘ ማለት ኤቫልድ ያን ሁሉ ዘመን ያለ በደሉ በላ ማለት ነው፤ ከዚያ መንደሩ መፈለግ ይጀምራል፣ እንደ ድመቷም ሳይሆን በሕይወት ያገኛታል። ሄሪበርት በዚያ ዓመት መጨረሻ ከሊቀ መንበርነት ሊሰናበት፣ የብር ዓርማ ሊቀበል ነበር። የአንሶላ ተጋሪው ቀይ ለሆነችበት ሊቀ መንበር የሚሰጠው ዓርማ ከብር አይሠራም። ካልመረጠች ግን ኤቫልድ የእርሱ ያልሆነውን ድምፅ ይዞ ለዘላለም ይተኛል፤ እርሷም በቴሌቪዥኑ ፊት ቆቡን አውልቆ ወደ ላሞቹ የሚወጣ ሰው ትሆናለች። ይህ ሁለተኛው ነበር እንቅልፍ የነሣት።

የምርጫው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ በሙሉ መጣ። ጌዚና መጋረጃውን ሳበች። ግራውን ለጠበቃው ሰጠች፤ ከብት ቢፈራም ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ እርሳሱን ይዛ ወደ ቀኙ ሄደች። የእጇ ጥላ በወረቀቱ ላይ ወደቀ። ይፈልጉኝ፣ አለች በልቧ፤ ምልክቷንም አደረገች።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቶ፣ ለተመልካች ተመልሶ ተከፈተ። ቆጠራ ለሕዝብ ክፍት ነው። መንደርተኛው እንደ ልማዱ በግድግዳው ሥር ተሰለፈ፤ የኤቫልድ ቦታ ባዶ ቀርታ ነበር፤ ማንም አልቆመባትም። ጌዚና ወረቀት ትዘረጋለች። ጥቁር፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። ከዚያ አንዱን ስትከፍት እጇ ቆመ።

«ቀይ» አለች። «አንድ።»

በክፍሉ የሰው ትንፋሽ ተሰማ። ግን የቆመችበት ምክንያት ይህ አልነበረም። ወረቀቱ የእርሷ አልነበረም፤ በግራውም በቀኙም ቀይ ነበር። ቀጥላ ዘረጋች። «ቀይ፣ ሁለት።» ይኸኛው ምልክቱ ወፍራም ነው፣ ሁለት ጊዜ የተደገመ፣ እጁ ያልለመደው ሰው እንደሠራው። የእርሷ ወረቀት ከክምሩ ግርጌ አካባቢ ወጣ።

«ቀይ፣ ሦስት።»

ዲርክስ ቤት ሲገቡ ጎመኑ አስቀድሞ በኤቫልድ ወንበር ፊት ተቀምጧል፤ ክሌመንስ ለመታሰቢያ ብሎ ሠርቶት ነበር። ሰዉ ሳህኑን ከበበ፤ መጀመሪያ የተናገረው ክሌመንስ ነበር።

«እሺ፣ ልናገር። አንዱ የእኔ ነው። ኤቫልድ ከሄደ በኋላ ዜሮ ተብሎ ሲነበብ መስማት አልቻልኩም።»

«አንተም?» አለ የወተት ማኅበሩ ሰብሳቢ። «እኔም እኮ!»

«ቆዩ ቆዩ» አሉ አሮጊቷ የኦርጋን ተጫዋች፣ «እኔስ ምን ያደረግሁ መሰላችሁ? ለነፍሱ ብዬ ነው፤ ለአባም ተናዝዣለሁ።»

«አባስ ምን አሉዎት?»

«ፈገግ አሉ። እሳቸውም ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ለሦስቱ ድምፅ ሰባት ባለቤት ተገኘ፤ ቄሱ ሳይቆጠሩ። ሁሉም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሁሉም ብርጭቆውን አንሥቶ፣ እንዴት አድርጎ ለኤቫልድ ሲል ቀዩን እንደመረጠ ይተርክ ነበር። የምርጫ ምስጢር እንዲህ በሰፊው ተገልጦ፣ እንዲህ በንጹሕ ልብ ተዋሽቶበት አያውቅም። ሄሪበርት ብቻ ድርሻውን አልጠየቀም። ጥግ ላይ ተቀምጦ የሾርባ ማንኪያውን ያያል።

ጌዚና ይህን ሁሉ እያየች ቆመች። ለመፈለግ ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚፈልጋት ግን የለም። ኤቫልድ ሊነጻ ነበር፤ ይኸው ከበፊቱ ይበልጥ ቀይ ሆኖ ተቀበረ።

«ለቀዩ ኤቫልድ!» አለ ክሌመንስ።

«ኤቫልድ ቀይ መርጦ አያውቅም» አለች ጌዚና።

ሰዉ ወደ እርሷ ዞረ።

«ድምፁ የእኔ ነበር። ዱሮም፣ ዛሬም።»

ወዲያው የወተት ማኅበሩ ሰብሳቢ ጠረጴዛውን መታ። «ስምንተኛዋ መጣች! የሄሪበርት ሚስት ደግሞ ከሁላችንም በለጠች፤ እኛ ዛሬን ብቻ ነው የሰረቅነው፣ እርሷ የሰውየውን ዕድሜ ልክ ወሰደችው!»

ሳቁ እስከ መንገድ ድረስ ተሰማ። ጌዚና አልተከራከረችም። የኤቫልድን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ናፕኪኑን አንገቷ ላይ ሸጎጠች፣ ሳህኑንም ወደ ራሷ ጎተተች። መጀመሪያ አጨበጨቡላት። ቀስ እያለች በላች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጭብጨባው ቆመ፤ ሰዉ ወደ ሾርባውና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እስከ መጨረሻው ቅጠል ድረስ ሲያያት የቆየው ሄሪበርት ነበር።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በረግረጉ ላይ የጨረቃ ብርሃን ነበር። ሄሪበርት በታመመው ጉልበቱ እያነከሰ፣ እስከ ማቋረጫው ድረስ ሄደ። ሐዲዱ አጠገብ ቆመ።

«ወፍራሙ የእኔ ነበር» አለ። «ለፓርቲው እንዳትነግሪ።»

«አውቄዋለሁ። ሁለት ጊዜ ደግመኸዋል።»

«በግራ እጄ ይሁን በቀኝ እጄ ያደረግሁት አላወቅሁም ነበር።» ወደ እርሷ ዞረ። «የአንቺ ግን ለኤቫልድ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰባ ሁለት።»

ሄሪበርት ሐዲዱን ተከትሎ አሻግሮ አየ። ልክ ያን ጊዜ አባቷ በቴሌቪዥኑ ፊት እንደቆሙት ቆመ፤ ልዩነቱ እርሱ ቆብ አልነበረውም።

«በየምርጫው ማታ» አለ በመጨረሻ፣ «ሳህኑን ይዤ የምገባው እኔ ነበርኩ። በአንቺ ፊት አልፌ።»

«አዎ።»

«ታዲያ እርሱ ማንን ነበር የሚመርጠው?»

«ጠይቄው ነበር። ምስጢር ነው አለኝ።»

ሄሪበርት ሊራመድ ሲል እግሩ ባለበት ቀረ። ፊቱ ላይ ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ ሲወጣ ታየ።

«ጌዚና፣ ቆዪ እስቲ። አረንጓዴ ሳይመጣ በፊት በዚህ መንደር ከአንቺ ቀይ በቀር የነበረው ጥቁር ብቻ ነው።»

«እንዲያ ነው።»

«ያን ሁሉ ዘመን ጎመን ያበላነው የራሳችንን መራጭ ነው?»

ጌዚና ክንዱን ያዘችው፤ ሐዲዱንም አብረው ተሻገሩ። ከማዶ ሲደርሱ ሄሪበርት፣ ሊቀ መንበሩ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠየቃት፤

«ጎመኑ እንዴት ነበር?»

«ጨው ይጎድለዋል» አለች። «እኛ ሲቀልድ መስሎን ነበር።»